የ1999ኙ ቆጠራ ጥላ፦ የአዲስ አበባና የንፋስ ስልክ ላፍቶ ሕዝብ ስንት ነው?

የአዲስ አበባ ሕዝብ ስንት ነው ለሚለው ጥያቄ የሚሰጡት መልሶች አይቀራረቡም። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ለሐምሌ 2014 ዓ.ም. ያወጣው ትንበያ 3.86 ሚሊዮን ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሥነ ሕዝብ ክፍል ለዚያው ዓመት 5.23 ሚሊዮን ይላል። በሁለቱ መካከል ያለው 1.37 ሚሊዮን ሰው በ1976 ዓ.ም. በመላው ከተማ ይኖር ከነበረው ሕዝብ ብዙም አያንስም። በታክሲ ወረፋ ላይ የሚሰማው የመንገድ ግምት ደግሞ ከሁለቱም ይበልጣል።

ይህ ዳሰሳ ቁጥሮቹ ከየት እንደመጡ፣ ለምን እንደተለያዩና እያንዳንዱ ወገን ምን ማስረጃ እንዳለው ይመለከታል። ከተማዋን በጥቅሉ ከማየት በተጨማሪ ወደ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ዝቅ ይላል። ክፍለ ከተማው የቆዩ የሠራተኛ ሰፈሮች፣ ከቆጠራ በኋላ የበቀሉ ኮንዶሚኒየሞችና ከተማው የት እንደሚያበቃ የማይለይበት ዳርቻ በአንድነት ስላሉበት፣ የከተማዋ ችግር ሁሉ በትንሹ ይታይበታል። ክርክሩ በማስረጃ ላይ የሚደረግ ይመስላል እንጂ አብዛኛው በግምት ላይ የሚደረግ ነው። ተከራካሪዎቹ ሁሉ ከአንድ ቆጠራ ይነሳሉ፤ እሱም በግንቦት 1999 ዓ.ም. የተካሄደው ነው።

ከመንገደኞች ግምት እስከ ማዘጋጃ ቤት

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ሕዝቧን የሚቆጥር አካል አልነበረም። የመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት ቁጥሮች የመንገደኞች፣ የዲፕሎማቶችና የሐኪሞች ግምት ናቸው። ሪቻርድ ፓንክረስት ከየመጽሐፉ ለቃቅሞ እንዳሳየው ግምቶቹ በጣም ይራራቃሉ፤ አንዱ 40 ሺህ ሲል ሌላው ወደ 100 ሺህ ያስጠጋዋል። ምክንያቱ የገማቾቹ ግድየለሽነት ብቻ አልነበረም። የጦር አለቆችና የክፍለ ሀገር ገዦች ጭፍራቸውን አስከትለው ሲገቡ ከተማዋ ትሞላለች፣ ወደ ግዛታቸው ሲመለሱ ትጎድላለች። ነዋሪ የሚባለው ማን ነው፣ እንግዳስ ማን ነው የሚለው ጥያቄ ያኔም መልስ አላገኘም።

ከተማዋ ራሷ ጸንታ መቆየቷም ለተወሰነ ጊዜ አጠራጥሮ ነበር። ማገዶ ሲመናመን ምኒልክ መቀመጫቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው እንደነበር የታወቀ ነው፤ ከተማዋን በቦታዋ ያጸናት ባሕር ዛፍ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1954 ዓ.ም. መባቻ የተካሄደው የከተማ ቆጠራ ወደ 444 ሺህ ሰው አገኘ። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1960 ዓ.ም. የተደረገው የናሙና ጥናት ከ600 ሺህ በላይ አስመዘገበ። ሁለቱን አያይዞ የሚያሰላ ሰው በዓመት ከ5 በመቶ በላይ የሆነ ዕድገት ያገኛል። ዕድገቱ ፈጣን እንደነበር አያከራክርም፤ ነገር ግን አንደኛው ቤት ለቤት ቆጠራ፣ ሌላኛው ናሙና ስለሆነ መጠኑን እንዳለ መቀበል አይቻልም። በተለያየ ዘዴ የተገኙ ቁጥሮችን በአንድ መስመር የማሰለፍ ልማድ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አልለቀቀንም።

ሦስቱ አገር አቀፍ ቆጠራዎች

ኢትዮጵያ እስከ ዛሬ ሦስት ጊዜ ሕዝቧንና ቤቷን ቆጥራለች፤ በግንቦት 1976፣ በጥቅምት 1987 እና በግንቦት 1999 ዓ.ም.። አዲስ አበባ በመጀመሪያው 1.4 ሚሊዮን፣ በሁለተኛው 2,112,737፣ በሦስተኛው 2,739,551 ነዋሪ ነበራት። የመጨረሻው ቁጥር መጀመሪያ 2,738,248 ተብሎ ወጥቶ በኋላ የተስተካከለ ነው፤ ልዩነቱ ከአንድ ሺህ ሦስት መቶ ብዙም አያልፍም። በኢንተርኔት ላይ «የ1999 ቆጠራ ውጤት» ተብሎ ሲዞር የኖረው 3,384,569 የሚለው ግን ከቆጠራው ሪፖርት ጋር የማይገጥም ቁጥር ነው። ያም ሆኖ በተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፍ ሳይቀር ቦታ አግኝቷል።

እንቆቅልሹ ያለው በዕድገት ፍጥነቱ ላይ ነው። ከ1976 እስከ 1987 ከተማዋ በዓመት 3.8 በመቶ ገደማ አደገች። ከ1987 እስከ 1999 ግን ፍጥነቱ ወደ 2.1 በመቶ ወረደ። ቀለበት መንገዱ የተዘረጋው፣ ቦሌ በፎቅ የተሞላው፣ የጋራ መኖሪያ ቤት ግንባታ የተጀመረው በዚሁ ጊዜ ነው። ከተማዋ በዓይን ስትሰፋ በወረቀት ላይ አዘገመች። ለዚህ ሦስት ማብራሪያዎች ይቀርባሉ።

የመጀመሪያው ቆጠራው ሰው አምልጦታል ይላል። የዚህ ወገን ትልቁ ማስረጃ የራሱ የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ (የዛሬው የስታቲስቲክስ አገልግሎት) የቀድሞ ትንበያ ነው፤ ከቆጠራው በፊት ኤጀንሲው የአዲስ አበባን ሕዝብ ከ3 ሚሊዮን በላይ አድርጎ ይገምት ነበር። ጥርጣሬውን ያባባሰው ደግሞ የአማራ ክልል ጉዳይ ነው። የቆጠራው ውጤት በ2001 ዓ.ም. ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሲቀርብ የክልሉ ሕዝብ 17.2 ሚሊዮን ሆኖ ተገኘ፤ ከተጠበቀው ወደ 2.4 ሚሊዮን ያነሰ ነበር። የወቅቱ የኤጀንሲው ኃላፊ ሳሚያ ዘካሪያ በምክር ቤቱ በጥያቄ ተወጥረው ነበር፤ ክርክሩም እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ነገር ግን እዚህ ላይ መለየት ያለበት ነገር አለ። ትንበያ ከቆጠራ ጋር አለመግጠሙ ብቻውን ቆጠራው መሳሳቱን አያሳይም፤ የተሳሳተው ትንበያው ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም የሚፈትሽ ሦስተኛ ምስክር ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ማብራሪያ ፍጥነቱ በእርግጥ ቀንሷል ይላል። የ1987ቱ ቆጠራ ከደርግ ውድቀት ሦስት ዓመት ተኩል በኋላ የተካሄደ ነው፤ የተበተነው ሠራዊት፣ ከኤርትራ የተመለሱ ቤተሰቦችና በጦርነት የተፈናቀሉ ሰዎች ከተማዋን ድንገት አሳድገዋት ነበር። ስለዚህ 3.8 በመቶ የተለመደ ፍጥነት ሳይሆን የልዩ ዘመን ውጤት ነው። ከዚያ በኋላ የወሊድ መጠኑ አሽቆለቆለ፣ ኤድስም ብዙ ሰው ገደለ።

ሦስተኛው ዕድገቱ አልቀነሰም፣ ወሰን ተሻገረ ይላል። ቤት የጠበበው ሰው ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎና ገላን ሰፍሮ በአዲስ አበባ ይሠራል፤ ሲቆጠር ግን ኦሮሚያ ውስጥ ነው። በግሌ ከሦስቱ ይህኛው የሚገባውን ያህል ትኩረት ያላገኘ ይመስለኛል፤ ከታች እመለስበታለሁ።

የቆጠራ ውዝግብ የእኛ ብቻ ዕጣ እንዳልሆነ ናይጄሪያ ታሳያለች። እ.ኤ.አ. በ2006 ብሔራዊው ቆጠራ ለሌጎስ ግዛት 9.1 ሚሊዮን ሲሰጥ፣ የግዛቱ መንግሥት በራሱ ቆጥሮ 17.5 ሚሊዮን አገኘሁ አለ። እዚያ ቢያንስ ሁለት ቆጠራ ነበር። የአዲስ አበባ ጠብ በአንድ ቆጠራ ላይ ብቻ የቆመ ነው።

ሁለት ቁጥር፣ አንድ ምንጭ

3.86 ሚሊዮን እና 5.23 ሚሊዮን የሚሉት አኃዞች ተቃራኒ ማስረጃ ያላቸው ይመስላሉ። ሁለቱም ግን መነሻቸው የ1999 ቆጠራ ነው። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ በተወሰደው የዕድገት መጠን ላይ ይገኛል። የአገር ውስጡ ትንበያ ለከተማዋ በዓመት 2.3 በመቶ ገደማ ያስባል፤ የተባበሩት መንግሥታት አኃዝ እንዲገኝ ደግሞ 4.3 በመቶ ገደማ ያስፈልጋል።

የአገር ውስጡ ባለሙያ የሚሠራው ወሊድን፣ ሞትንና ፍልሰትን ለየብቻ በመገመት ነው። መነሻው በቆጠራው ወቅት የታየው ፍልሰት ስለሆነ፣ ከ1999 በኋላ ፍልሰቱ ቢጨምር ትንበያው አይሰማም። የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች በአንጻሩ መጀመሪያ የአገሪቱን ጠቅላላ የከተማ ሕዝብ ዕድገት ይተነብያሉ፣ ቀጥለው ለየከተማው ያከፋፍላሉ። የኢትዮጵያ ከተሞች በጠቅላላ በፍጥነት ስለሚያድጉ አዲስ አበባም አብራ ትነሳለች። ችግሩ የከተሞቹ ዕድገት ትልቁ ድርሻ እንደ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳርና አዳማ ባሉት፣ ከዚያም በታች ባሉ ብዙ ትንንሽ ከተሞች ሊሆን መቻሉ ነው። አንዱ ዘዴ የድሮውን ፍልሰት ያረጋል፣ ሌላው ዋና ከተማዋ ከእህቶቿ ጋር እኩል ትሮጣለች ብሎ ያስባል። ለአንዳቸውም ከ1999 በኋላ የተሰበሰበ ሙሉ ማስረጃ የለም።

ልዩነቱ በአገር ደረጃም አለ። ለ2014 ዓ.ም. የአገር ውስጡ ትንበያ 105 ሚሊዮን ሲል የተባበሩት መንግሥታት 123 ሚሊዮን ይላል። ስለዚህ አዲስ አበባን ብቻ ነጥሎ «ሆን ተብሎ ቁጥሯ ተቀነሰ» የሚለው ክስ ልዩነቱን ብቻውን አያብራራም።

ብዙ የማይወልድ፣ ግን የሚያድግ ከተማ

ከክርክሩ ሁሉ ጠንካራ ማስረጃ ያለው በወሊድ ላይ ነው። በ1982 ዓ.ም. በተደረገ ጥናት አንዲት የአዲስ አበባ ሴት በዕድሜዋ በአማካይ 3.1 ልጅ ትወልድ ነበር። በ1992 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ቁጥሩ ወደ 1.9፣ በ1997 ወደ 1.4 ወረደ፤ በ2003 1.5፣ በ2008 1.8 ሆነ። አንድ ትውልድ ራሱን ለመተካት በግምት 2.1 ልጅ ያስፈልገዋል። በ2008 ዓ.ም. የአገሪቱ አማካይ 4.6 እንደነበር ሲታሰብ፣ ከአፍሪካ ከሰሃራ በታች ካሉ ዋና ከተሞች መካከል አዲስ አበባ ለየት ያለች ናት።

ለምን ወረደ? የትምህርት መስፋፋትና የወሊድ መቆጣጠሪያ ናቸው የሚል መልስ የተለመደ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽና ከዚያ በኋላ የታተሙ ጥናቶች ግን ሚዛኑን ወደ ሌላ አዞሩት። የሲባንዳና ባልደረቦቹ ትንታኔ ትልቁን ድርሻ የሰጠው ለትዳር መዘግየት ነው፤ የወሊድ መቆጣጠሪያ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ይገኛል። የሥራ እጦትና የቤት ውድነት ጋብቻን አዘገዩ። እሸቱ ጉርሙና ሩት ሜስ ደግሞ የአዲስ አበባን የወሊድ መቀነስ በድህነት የተገፋ ብለው ተረጎሙት። ብልጽግና ወሊድን ይቀንሳል የሚለው የተለመደ አስተሳሰብ እዚህ በግልባጩ ቆሟል፤ ልጅ የቀነሰው ኑሮ ስለተመቸ ሳይሆን ስላልተመቸ ነው። በ2008 የታየው መጠነኛ መመለስ የኑሮ መሻሻል ምልክት ይሁን፣ ወይስ ትዳራቸውን ያዘገዩ ሴቶች ዘግይተው መውለዳቸው ብቻ ይሁን፣ ገና አልተፈታም።

በሞት በኩል ያለው ማስረጃ ከሚጠበቀው በላይ ነው። ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በከተማዋ የቀብር ቦታዎች መዝጋቢ አስቀምጠው፣ አስከሬን ይዘው ከመጡት ሰዎች የሟቹን ዕድሜ፣ ፆታና አድራሻ ይመዘግቡ ነበር። የሞት ምዝገባ በሌለበት ከተማ የኤድስን ጉዳት፣ ኋላም የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ያስገኘውን እፎይታ ያሳየው ይህ የመቃብር መዝገብ ነው።

ወሊዱ ዝቅተኛ ከሆነ የሚያሳድጋት ፍልሰት ነው። የ1999 ቆጠራ ከነዋሪዎቿ ግማሽ ያህሉ ሌላ ቦታ ተወልደው የመጡ መሆናቸውን አሳይቷል። የከተማዋ የዕድሜ ቅርጽም ይህንኑ ይመሰክራል፤ እንደ ገጠሩ ከሥር ሰፍቶ ወደ ላይ የሚጠብ አይደለም፣ በወጣቶቹ ዕድሜ ላይ ይወጠራል። ሴቶቹ 1,434,164፣ ወንዶቹ 1,305,387 ነበሩ፤ ለ100 ሴት 91 ወንድ ማለት ነው። ብልጫውን የፈጠሩት በአብዛኛው ከገጠር በወጣትነታቸው ለቤት ሠራተኝነትና ለሌላ ሥራ የሚመጡ ሴቶች ናቸው። በቆጠራ ጊዜ ለመታለፍ የቀረቡትም እነሱ ናቸው።

ወደ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ሲጠጋ

በ1999 ቆጠራ ንፋስ ስልክ ላፍቶ 316,283 ነዋሪ ነበረው። ከያኔዎቹ አሥር ክፍለ ከተሞች ከኮልፌ ቀራንዮ (428,895) እና ከየካ (346,664) ቀጥሎ ሦስተኛ መሆኑ ነው፤ ከከተማዋ ሕዝብ 11.5 በመቶ። ስፋቱ 68 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 4,600 ያህል ሰው ይደርሰዋል። አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ በዚያው ቆጠራ በካሬ ኪሎ ሜትር ከ34 ሺህ በላይ ነበረው።

አማካዩ ግን ብዙ ይሰውራል። በዚያን ጊዜ በደብረ ዘይት መንገድ ግራና ቀኝ ያሉት ሳሪስና አካባቢው ፋብሪካና የሠራተኛ መኖሪያ፣ ጎፋና ቄራ ጭንቅንቅ ያለ የቀበሌ ቤት፣ ላፍቶ፣ ለቡና ፉሪ ደግሞ በከፊል ጤፍና ስንዴ የሚዘራባቸው ነበሩ። የእርሻው ባለቤቶች አብዛኞቹ ኦሮሞ ገበሬዎች ናቸው። ከተማው ሲስፋፋ እነሱ የት ሄዱ የሚለው ጥያቄ በሕዝብ ብዛት ሠንጠረዥ ላይ አይታይም፤ ቆጠራ የመጣውን እንጂ የሄደውን አያሳይም።

ሰው እንዴት እንደሚያመልጥ ለማየት አንድ የሳሪስ ግቢ በቂ ነው። የከተማ የቆጠራ ቦታ በተለምዶ ከ150 እስከ 200 ቤተሰብ እንዲይዝ ተደርጎ ይከለላል፤ ቆጣሪው በአብዛኛው መምህር ወይም የመንግሥት ሠራተኛ ነው። በሩን የከፈተችው የቤቱ እመቤት ባለቤቷንና ልጆቿን ትቆጥራለች። ከጀርባ ያለው ሰርቪስ ለሁለት ተከፍሎ ተከራይቷል፤ በአንዱ ክፍል የፋብሪካ ፈረቃ የሚገቡ ሦስት ወጣቶች አሉ፣ ቀን ቤት አይገኙም። ዘበኛው በር ላይ ያድራል፤ ሚስቱና ልጆቹ አገር ቤት ናቸው። ሠራተኛዋ ከመጣች አምስት ወሯ ነው። መመሪያው ስድስት ወርና ከዚያ በላይ የቆየ፣ ወይም ለመቆየት ያሰበ ነዋሪ ነው ይላል። ልጅቷ ለመቆየት ማሰቧን ማን ይመልስ? እመቤቲቱ ከመለሰች መልሱ አንድ ነው፣ ልጅቷ ራሷ ብትጠየቅ ሌላ ሊሆን ይችላል። ተከራዮቹን ያከራየችው ሴት ደግሞ ከኋላው ግብር ይመጣ ይሆናል ብላ ብትፈራ አይፈረድባትም። እንዲህ ያለው ግቢ በአንድ የቆጠራ ቦታ ውስጥ አሥርም ሃያም ጊዜ ይደጋገማል። በ1999 የአዲስ አበባ አማካይ ቤተሰብ አራት ሰው ገደማ ነበር፤ ይህ ቁጥር ስንት ሰርቪስ እንደዘነጋ የሚያውቅ የለም።

ከቆጠራው በኋላ ሁለት ነገሮች ክፍለ ከተማውን ቀየሩት። አንደኛው ጀሞ ነው። በከተማዋ ካሉት ትልልቅ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች አንዱ የሆነው ጀሞ ለነዋሪ የተላለፈው ከ1999 በኋላ ነው። ከመሃል ከተማ በመልሶ ማልማት የተነሱ፣ በዕጣ የደረሳቸውና ከባለዕጣ የተከራዩ ሰዎች ገብተውበታል። በትንበያ የሚሠራ ሰው ይህን ሁሉ ሕዝብ ያኔ እርሻ ከነበረ የቆጠራ ቦታ ማውጣት አይችልም። ሁለተኛው የጨረቃ ቤት ነው። በ2008 ዓ.ም. ክረምት በወረዳ 1 በቀርሳ፣ በኮንቶማና በሐና ፉሪ ሕገወጥ ተብለው ቤቶች ሲፈርሱ በተነሳው ግጭት የሰው ሕይወት ጠፍቷል። በእንዲህ ያሉ ሰፈሮች የሚኖር ሰው የቤት ቁጥር ስለሌለው በወረዳ መዝገብ አይገኝም፤ ቆጠራ ግን ሕጋዊነትን ስለማይጠይቅ በመርህ ደረጃ ሊያገኘው ይገባል። ከመዝገብና ከቆጠራ የትኛው ይታመን የሚለው ጥያቄ በዳርቻዎቹ ላይ የሚከረው ለዚህ ነው።

የክፍለ ከተማው ድርሻ ከ1999 ወዲህ አልተለወጠም ብለን ብናሰላ፣ በአገር ውስጡ ትንበያ መሠረት በ2014 ዓ.ም. 446 ሺህ፣ በተባበሩት መንግሥታት አኃዝ መሠረት 604 ሺህ ሰው ይኖርበታል። ድርሻው እንዳልተለወጠ መገመት ራሱ ስህተት ነው፤ ከመሃል ወደ ዳር የተደረገው ሽግሽግ ንፋስ ስልክ ላፍቶን ሳያሳድገው አይቀርም። ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና የውኃ መስመር የሚያቅድ ሰው ግን በ446 እና በ604 ሺህ መካከል መምረጥ አለበት።

ወሰኑ የት ነው?

የከተማ ሕዝብ ቁጥር የከተማው ወሰን የት ነው በሚለው ላይ የተንጠለጠለ ነው። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ጫፍ ይህ በዓይን የሚታይ ነገር ነው። ወደ ጅቡቲ የሚሄደው ባቡር ጣቢያ ስሙ ፉሪ ለቡ ነው። ለቡ የአዲስ አበባ ሰፈር ነው፤ ፉሪ የሚለው ስም ዛሬ በአዲስ አበባ ዳርቻ ያሉ ሰፈሮችንም፣ በ2015 ዓ.ም. የኦሮሚያ ክልል ሰበታን፣ ቡራዩን፣ ሱሉልታን፣ ለገጣፎንና ገላንን አዋህዶ ያቋቋመው የሸገር ከተማ አንድ ክፍለ ከተማንም ይጠራል። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የተደረሰው የወሰን ስምምነት የኮዬ ፈጬን ኮንዶሚኒየም ወደ ኦሮሚያ ሲያደርገው፣ በአዲስ አበባ ገንዘብ የተሠሩ ቤቶች ነዋሪዎች ከቤታቸው ሳይንቀሳቀሱ ከተማ ቀየሩ። ስለ ወሰን የሚነሳው ስሜት ለምን እንደሚግል ለሚጠይቅ፣ በ2008 ዓ.ም. የተሰረዘው የአዲስ አበባና የኦሮሚያ ልዩ ዞን የጋራ ማስተር ፕላን ያስነሳውን ተቃውሞ ማስታወስ ይበቃል።

ስለዚህ «አዲስ አበባ» ሲባል ቢያንስ ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል፦ በሕግ የተከለለው አስተዳደር፣ ሕንፃ ሳይቋረጥ የተያያዘው ከተማ፣ ወይም በየጠዋቱ ለሥራ የሚገባበት አካባቢ። ከዓለም ገና ወይም ከሰበታ ተነስቶ በጀሞ በኩል ሜክሲኮ የሚወርደው ሠራተኛ በመጀመሪያው አይቆጠርም፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ይቆጠራል። ትርጉም መቀየር ምን ያህል እንደሚያንር ጃካርታ አሳይታለች። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2018 ለጃካርታ ከ10 ሚሊዮን ትንሽ በላይ ሰጥቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የሕንፃና የሰው ጥግግትን መለኪያ አድርጎ ሲያሰላ ወደ 42 ሚሊዮን አድርጎ ከቶኪዮ በላይ አስቀመጣት። በሰባት ዓመት ውስጥ 30 ሚሊዮን ሰው አልገባባትም፤ የተለወጠው ወሰኑ ነው። አዲስ አበባንም በሦስተኛው ትርጉም ቢለኳት ከ5 ሚሊዮን በላይ መሆኗ ብዙም አያጠራጥርም፤ በመጀመሪያው ትርጉም ግን ያው ቁጥር ትልቅ ጥያቄ ያስነሳል። ብዙ ጊዜ የሚጣሉት ሰዎች ስለ ሁለት የተለያዩ ከተሞች እየተናገሩ ነው።

መዝገብ ቆጠራን ይተካ ይሆን?

ቆጠራ ካልተካሄደ ለምን መዝገብ አይበቃም የሚል ሐሳብ አለ። ስፔን ለዚህ ጥሩ ማነጻጸሪያ ናት። እዚያ እያንዳንዱ ማዘጋጃ ቤት ነዋሪዎቹን የሚይዝበት መዝገብ አለው፤ ወረቀት የሌለው ስደተኛ ሳይቀር ይመዘገባል፣ ምክንያቱም ሕክምናና ትምህርት የሚያገኘው በዚያ ነው። እ.ኤ.አ. የ2021 ቆጠራቸውንም ቤት ለቤት ሳይዞሩ ከመዛግብት አውጥተዋል። እንዲያም ሆኖ የባሕር ዳርቻ ከተሞቻቸው ሙሉ በሙሉ አልተያዙም። 70 ሺህ ያህል ሰው የተመዘገበባት ቤኒዶርም በበጋ ብዙ እጥፍ ሰው ታስተናግዳለች፤ ዓመቱን ሙሉ ከሚኖሩት የሰሜን አውሮፓ ጡረተኞችም የማይመዘገቡ አሉ።

የእኛ የወረዳ መዝገብ ከዚህ በተቃራኒ ይሠራል። መታወቂያ ለማውጣት ከመጡበት ቦታ መሸኛ፣ የቤት ቁጥርና ብዙ ጊዜም የቤቱ ባለቤት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የመታወቂያ አሰጣጥ የሚቆምበት ወቅትም አለ። ተከራይና ደባል ከመዝገቡ ውጭ ይቀራሉ፤ ከተማዋን ለቆ የሄደ ሰው ግን ስሙ አይሰረዝም። አንዱ ጉድለት ሌላውን ያጣፋል ብሎ መገመት አይቻልም፤ ጎዳዮቹ ወጣትና ድሃ፣ ትርፎቹ የቆዩ ባለቤቶች ናቸው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ በአገር ደረጃ ተጀምሯል፤ በ2015 የታወጀው የፋይዳ መታወቂያ ደግሞ ሰውን በጣት አሻራ ስለሚለይ ድግግሞሽን ያስወግዳል። ሆኖም ፋይዳ ሰውየው ማን መሆኑን ያረጋግጣል እንጂ ዛሬ የት እንደሚያድር አያውቅም።

ሳተላይት ሦስተኛው አማራጭ ነው። ምስሉ የጣሪያን ብዛትና የከተማውን መስፋፋት በትክክል ያሳያል። በሐና ማርያም ያለ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሦስት ሰው ይኑር ዘጠኝ፣ በጀሞ አምስተኛ ፎቅ ያለው ቤት ተከራይቶ ይሁን ተዘግቶ ግን አያሳይም። ስለዚህ ጣሪያን ወደ ሰው የሚያባዛው ቁጥር ዞሮ ዞሮ ከ1999 ቆጠራ ይወሰዳል።

ያልተካሄደው ቆጠራ

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103 ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድ ያዝዛል። አራተኛው በ2010 ዓ.ም. መካሄድ ነበረበት። የቆጠራ ካርታ ተዘጋጅቶ፣ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ታብሌቶች ተገዝተው ሳለ ደጋግሞ ተላለፈ፤ በሰኔ 2011 ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባቸው መራዘሙን አጸደቁ። ከዚያ ኮሮና፣ ከዚያ ጦርነት መጣ። ከግንቦት 1999 ቆጠራ ማግስት የተወለደ ሕፃን ዛሬ ድምፅ ለመስጠት ዕድሜው ደርሷል፤ በየትኛውም አገር አቀፍ ቆጠራ ግን አልተቆጠረም።

አሁን ያለው ክርክር ሁለት ጎራ አለው። አንዱ ሰላም ባልሰፈነበትና ተፈናቃይ በበዛበት ጊዜ የሚደረግ ቆጠራ የተፈናቀለውን ሰው በተጠለለበት ቦታ አጽድቆ አዲስ ውዝግብ ይወልዳል ይላል። ሌላው መዘግየቱ ራሱ ውሳኔ ነው፣ የ1999ን ድርሻ በዝምታ ማራዘም ነው ይላል። ሁለተኛው በአዲስ አበባ ላይ ሲሆን ይበልጥ ያሳምናል፤ ከተማዋ በሰፊው ተፈናቅሎ የሄደ ሕዝብ የላትም፣ የመጣባት እንጂ። በዚያ ላይ በጀቷን በአብዛኛው ከራሷ ገቢ ስለምትሸፍን፣ በክልሎች መካከል እንዳለው የድጎማ ፉክክር ቁጥሯን ለመንፋት ያላት ፍላጎት ያነሰ ነው። የብሔር ጥያቄው ግን አለ። የ1999 ቅጽ ለአንድ ሰው አንድ ብሔር ብቻ ይመዘግብ ነበር፤ ውጤቱም አማራ 47፣ ኦሮሞ 19.5፣ ጉራጌ 16.3 በመቶ ሆነ። ከሁለትና ከሦስት ብሔር በሚወለዱባት ከተማ ይህ ሠንጠረዥ ምን ያህሉን ሰው እንደሚገልጽ፣ ከአዲስ አበባ ባለቤትነት ክርክር ጋር ተቆራኝቶ ቅጹን ራሱን የፖለቲካ ጉዳይ አድርጎታል።

የምክር ቤት መቀመጫም ያልተነካ ሒሳብ ነው። አዲስ አበባ ከ547ቱ 23 መቀመጫ አላት፤ 4.2 በመቶ። የአገር ውስጡን ትንበያ የወሰደ ሰው የከተማዋ ድርሻ ከሕዝቡ 3.7 በመቶ ስለሆነ መቀመጫዋ ትንሽ ይበዛል ይላል። የተባበሩት መንግሥታትን የወሰደ 4.2 በመቶ ስለሚያገኝ ልክ ነው ይላል። በከተማዋ ውስጥ ግን ወንበሮቹ ከመሃል ወደ ጀሞ፣ ወደ ለቡና ወደ የካ ዳርቻ ከሄደው ሕዝብ ጋር አብረው አልሄዱም፤ ስንቱ መሄድ እንዳለበት ለማስላትም የሚጠቀሱት አኃዞች ያው የ1999 ዓ.ም. ናቸው።